ቅራሪን ቅራሪ ማለት

በቀድሞው ዘመን በመኳንንት የግብር አዳራሽ የታወቀ አንድ ሥርዓት ነበር። አሳላፊው ጠላውን ወይም ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ ያንቆረቁርና እዚያው ፊት ለፊት ይጠጣል። «ያቀረብሁት መጠጥ የሚጎዳ ከሆነ አስቀድሞ የሚጎዳው እኔን ነው» ማለቱ ነው። መዳፍ ላይ የመጠጣቱ ልማድ ከአዳራሾቹ ጋር ቢያልፍም፣ ቀምሶ ማቅረብ ግን ዛሬም የጨዋ ቤት ወግ ነው።

ወጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። መዳፍ የሚመሰክረው ስለ መርዝ ብቻ ነው። ጋኑ በሚገባ ታጥቦ ይሁን ሳይታጠብ፣ ውኃው ከየት እንደ ተቀዳ፣ ድፍድፉ ስንት ቀን እንደ ሰነበተ፣ በላዩስ ስንት ጊዜ ውኃ እንደ ተጨመረበት መዳፍ አይናገርም። ለመሆኑ ጠጪው ሊያየው በማይችለው ነገር ላይ ጠማቂው ምን ዕዳ አለበት? ይህ ጥያቄ የጠላ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዳቦ ጋጋሪም፣ ግንበኛም፣ መድኃኒት ቀማሚም ይጠየቁበታል። ይሁንና እንደ ጠላ ጉዳዩን አጉልቶ የሚያሳይ ጥቂት ነው።

እስቲ አጠማመቁን በአጭሩ እናስታውስ። አሠራሩ ከአገር አገር፣ ከቤት ቤት ቢለያይም አካሄዱ በጥቅሉ አንድ ነው። በመጀመሪያ ብቅል ይዘጋጃል። ገብሱ ወይም ስንዴው አንድ ቀን ያህል ተዘፍዝፎ ይጠነፈፋል፤ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ገደማ ሲቆይ ያቆጠቁጣል፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ይፈጫል። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል። የደረቀ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ በውኃ ሁለት ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፤ የብቅሉ ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ሲገባበት ጥንስስ ይሆናል። ጥንስሱ መብላላት ሲጀምር እንኩሮው፣ ማለትም በውኃ ታሽቶ ምጣድ ላይ እየታመሰ የበሰለው ዱቄት፣ ከተወቀጠ የጌሾ እንጨት ጋር ይጨመርና ድፍድፍ ይባላል። የጠላው መልክ መጥቆሩ ወይም መቅላቱ በእህሉ አቆላል ይወሰናል። ድፍድፉ አፉ ተመርጎ ቀናት ይቆያል፤ በኋላም ውኃ ተሞልቶበት እንደገና ይከደናል፤ ሲደርስ ተጠልሎ ይቀዳል። እርሾ ከውጭ አይገባበትም። ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው የሚገኙ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት የእህሉን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጡታል። ጌሾ ደግሞ በፈረንጅ ቢራ ውስጥ ሆፕስ የተባለው ተክል የሚሠራውን ይሠራል፤ ምሬት ይሰጣል፤ ቶሎ ከመበላሸትም ይከላከላል።

በአካባቢያችን ያሉት ሌሎች የቤት መጠጦችም ከዚህ እምብዛም አይርቁም። የኤርትራ ሱዋ፣ ከማሽላ የሚጠመቀው የሱዳን መሪሳ፣ በምሥራቅ ኡጋንዳ በቴሶ አገር ሰዎች አንዱን ማሰሮ ከበው በረጃጅም ሸምበቆ የሚመጡት የዳጉሳ አጆን፣ በኪሊማንጃሮ ግርጌ የቻጋ ሰዎች ከሙዝና ከዳጉሳ የሚጠምቁት ምበጌ፣ ሁሉም የቤት እጅ ሥራ ናቸው። በሁሉም ዘንድ ዋናው ሥራ የሚፈጸመው በክዳን ሥር ነው። ጠጪው የሚያየው የመጨረሻውን፣ በጣሳው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

የሰው ልጅ ይህን ስውር ሥራ ለመጠበቅ በመጀመሪያ የተማመነው በሕግ ነው። ከ3,700 ዓመታት በፊት ገደማ የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ባስቀረጸው ሕግ፣ በ108ኛው አንቀጽ፣ ዋጋውን በእህል አልቀበልም ብላ በከባድ ሚዛን ብር የምትወስድ፣ ወይም የመጠጡን መስፈሪያ ከእህሉ ዋጋ አሳንሳ የምትሰጥ መጠጥ ሻጭ ወደ ውኃ እንድትጣል አዟል። እ.ኤ.አ. በ1516 ደግሞ የባቫሪያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በቀር በሌላ ነገር እንዳይጠመቅ ደነገጉ፤ ዋጋውንም ወሰኑ። ሕግ አስፈላጊ ነው። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው መስፈሪያው እስከሚታይበት ድረስ ነው። ሌሊት ጓዳ ውስጥ ክዳን ስትከፍት ዳኛ አብሯት አይቆምም።

ሁለተኛው ጠባቂ ገበያ ነው። «የምታጭበረብር ሻጭ ደንበኛዋን ታጣለች፤ ስለዚህ ጥቅሟ ራሱ ሐቀኛ ያደርጋታል» ይባላል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ ያቀረበው ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። አንድ ባለሱቅ ለማያውቅ ገዢ ዋጋ አይጨምርም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ከሌላው ሰው እኩል ይገዛል። ካንት «ይህ ሰው ሐቀኛ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ሥራው ከግዴታው ጋር ይስማማል፤ ምክንያቱ ግን የገዛ ጥቅሙ ሊሆን ይችላል። ጥቅሙ ወደ ሌላ ያዘነበለ ዕለት ሐቀኝነቱ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

ያ ዕለት ሲመጣ ምን እንደሚደርስ ጎረቤታችን ኬንያ አይታለች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 በናይሮቢ ድሃ ሰፈሮች ሜታኖል የተቀላቀለበት የሕገ ወጥ መጠጥ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ዓይናቸው የጠፋም ነበሩ። በ2014 ተመሳሳይ እልቂት በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ተደገመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። እህልን በማብላላት የሚገኝ መጠጥ በራሱ እንዲህ ያለ አደጋ አያመጣም፤ ጠላም የዚህ ክስ ተካፋይ አይደለም። የገደለው መጠጡን በርካሽ ለማበርታት የተጨመረው የኢንዱስትሪ ሜታኖል ነው። ሜታኖል በሽታውም በጣዕሙም ከተራው አልኮል ብዙ አይለይም። ጉዳቱ የሚገለጠው ከሰዓታት በኋላ፣ ሰውነት ወደ አሲድነት ሲለውጠውና የዓይን ነርቭን ሲመታ ነው። ስለዚህ ሻጩ በመዳፉ ቀምሶ ቢያቀርብ እንኳ በዚያች ቅጽበት ምንም አይታይበትም ነበር። ምላስም፣ የደንበኛ ምርጫም እዚህ ላይ ይከሽፋሉ፤ የሞተ ደንበኛ ሻጭ አይቀይርምና። ሕጉም ቢሆን ቻንጋ የተባለውን የቤት አረቄ በ1980 ከልክሎ፣ በ2010 ደግሞ በሥርዓት ተመርቶ እንዲሸጥ ፈቅዶ ነበር። ክልከላውም ፈቃዱም ብቻቸውን አልበቁም።

እንግዲያስ ሦስተኛው ጠባቂ ማን ነው? ኅሊና ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ኅሊና ምን ያዝዛል? ምርጡን ጠላ ብቻ ሽጡ ይላልን? እንዲህ ከሆነ ድሃ ሐቀኛ ሊሆን አይችልም። እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ በጠላ ቤት ቋንቋ ውስጥ ቀድሞ ተቀምጧል። ጠላው ሳይጠራ የሚቀዳው ጉሽ ይባላል። በከተማ በሚገባ ተጣርቶ ወፈር ያለውን ፊልተር ይሉታል። ፊተኛው ከተቀዳ በኋላ በዚያው ድፍድፍ ላይ ዳግመኛ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ ነው። ለከብት የሚሰጠው ዝቃጭ አተላ ነው። ለየደረጃው ስም አለው። ቅራሪ ነውር የለበትም፤ ጥም ይቆርጣል፤ ዋጋውም ለድሃ ይቀላል። ወንጀሉ ያለው ውኃው ላይ አይደለም፤ ቅራሪው በፊተኛው ስም የወጣ ዕለት ነው። የጠማቂ ዕዳ ስምና ነገርን አለማለያየት ነው ማለት ይቻላል። ሜታኖሉን የጨመረውም ሰው የመጀመሪያ በደሉ ዕቃውን የሌላ ስም አልብሶ ማቅረቡ ነው፤ ስሙን ቢናገር ኖሮ አንድም ሰው አይጠጣለትም ነበር።

«ስም አይበላም» የሚል ይኖራል። ልጆቿን በጠላ የምታሳድግ እናት ብቅሉና ጌሾው ሲወደድባት የጣሳውን ዋጋ እንዳትጨምር ጠጪው ይሸሻታል፤ ጥቂት ውኃ ብትጨምር ማን ይፈርድባታል? ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ንቀን ልናልፈው አይገባም። ካንት የሥራን ምክንያት ንጹሕነት ይሻል፤ ጠጪው ግን የሚጠጣው ጠላውን እንጂ ምክንያቷን አይደለም። ከችግር ጋር የተቀላቀለ ሐቀኝነትም ሐቀኝነት ነው። ፈተናው የሚታየው ሐቀኝነት ዋጋ በሚያስከፍልበት ዕለት ነው። አንድ ጋን ጠላ ኮመጠጠ እንበል። የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከእርሱ ነበር። ወይ ትደፋዋለች፤ ወይ ከአዲሱ ጋር ትደባልቀዋለች፤ ወይም አምሽታ፣ ጠጪዎቿ ሞቅ ሲላቸው ትቀዳዋለች። ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይከፋል። የሰከረ ሰው ማለት በካንት ምሳሌ ውስጥ ያለው ሕፃን ነውና፤ መለየት በማይችልበት ሰዓት የሚቀርብለት ነገር የሻጩን ማንነት ይገልጣል። በቃና ሰርግ የድግሱ አሳዳሪ የተደነቀው ይኸው ተራ ልማድ ተገልብጦ፣ መልካሙ መጠጥ ወደ ኋላ ቀርቶ ስላገኘው ነበር።

ዕዳው ግን በጠማቂዋ ላይ ብቻ የተጫነ እንዳይመስለን። የቅራሪ ዋጋ ከፍሎ ፊተኛውን የሚጠይቅ ጠጪ ውሸትን ራሱ እያዘዘ ነው። ቅራሪ ነው ብላ የነገረችውን ትቶ፣ ነገሩን ደብቃ ወደምትሸጥለት ቤት የሚሄድም ሐቀኝነትን በገንዘቡ ይቀጣል። ከሁሉ በላይ «ጠላ ሻጭ» የሚለውን ቃል ለስድብ እናውለዋለን። በዚህ ሥራ ስንቱ ልጅ ፊደል እንደ ቆጠረ፣ ስንቱ ቤት እንደ ቆመ እያወቅን ሙያዋን እናዋርዳለን። ክብር የነፈግነውን ሰው በክብር እንዲሠራ መጠየቅ ፍትሕ የጎደለው ጥያቄ ነው። ሐሙራቢ ያጎደለችውን ሻጭ ወደ ውኃ ጣለ፤ ሳታጎድል ለሠራችው ምን እንደሚደረግላት ግን ያ አንቀጽ አንዳች አይልም። እኛም ከዚያ ብዙ አልራቅንም።

ነገሩ ለሽያጭ ለማይጠምቀውም ሰው ይደርሳል። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት ጋኑ በፕላስቲክ በርሜል ተተክቷል። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ለማኅበር ወይም ለበዓል ጠላ ሲጠምቅ ጌሾውን በሻንጣ ከመጣለት ጥቂት ይቆነጥራል፤ ብቅሉን ባገኘው እህል ይተካል፤ ለማጠን ወይራ አያገኝም። ይህስ ጠላ ነውን? ብዙ ሰዎች በዚህ ይከራከራሉ። እኔ ግን ሌላውን ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ለእንግዳው ምን ተብሎ ቀረበለት? «በጋን አልተጠመቀም፤ ጌሾም አንሶታል፤ ቤት ያፈራውን ቅመሱልን» የተባለ እንግዳ በደስታ ይጠጣል፤ ጉድለቱንም ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። «እንደ አገር ቤቱ ነው» የተባለው ግን ወይ ይታለላል፤ ወይ አውቆ ዝም ይላል። በዝምታውም ጠላው ከሁለት ውሸታሞች መካከል ይቀመጣል።

ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፣ ትልቁ እምነት የሚቆመው በእንደዚህ ያለች ትንሽ ቃል ነው። ቅራሪ ከሆነ ቅራሪ ነው ብሎ መቅዳት ለጠማቂውም ለጠጪውም ይበጃል።