በመስተዋት ገንዳ ስለምትኖር ዓሣ
ሰው በፍጥረት ላይ መሠልጠኑ እንዳሻው ሊያደርግ ነውን ወይስ ሊጠብቅ? በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር በዓለት ጉድጓድ የምትኖር፥ ጎቢ የምትባል ትንሽ ዓሣ ትመስክር። ባሕሩ ሲሞላ በዓለቱ ላይ እየዋኘች የጉድጓዶቹን ስፍራ ታጠናለች፤ ባሕሩ ሲሸሽ ካንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ሳትስት ትዘላለች። ይህንንም አሮንሰን የተባለ የአሜሪካ ሊቅ በ1951 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፎ አስረዳ።

እንግዲህ ይህችን ዓሣ በመስተዋት ገንዳ የሚያኖር ሰው የጨው ውሃ፥ መሸሸጊያ ድንጋይና ክዳን ሊያዘጋጅላት ይገባል። መዝለሏ በባሕር ዳር ሕይወቷ ነው፤ በገንዳ ግን ሞቷ ነው፤ ከገንዳው ውጭ የምታውቀው ጉድጓድ የለምና። ስለዚህ ጥበቧን ከንቱ ያደረገባት ሰው በጥበቧ ፈንታ ሊያስብላት ዕዳ አለበት። ያለ ትጋት መያዝ ቅሚያ እንጂ ሥልጣን አይደለም። ባለ አደራ የሚመሰገነው በያዘው ብዛት ሳይሆን በጠበቀው ነው።