ያልመረጣችሁትን አንብቡ

ልጆቼ፣ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስ ያጣ ወጣት የለም ማለት ይቻላል። በስልኩ አለ፤ ማንበብ ከሰለቸው የሚያነብለት ድምፅም አለ። ጠዋት ቴሌግራም ሲከፍት አበባ ወይም የምትወጣ ፀሐይ ባለበት ሥዕል ላይ የተጻፈ ጥቅስ ይጠብቀዋል። አይቶት «አሜን» ይላል፣ ለሁለት ሦስት ጓደኞቹ ያስተላልፈዋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ወሬ ያልፋል። ታክሲ ሲሳፈር ሌላ ጥቅስ ተለጥፎ ያገኛል፤ የሠርግ መጥሪያ ላይም፣ የሱቅ ግድግዳ ላይም አለ። ይህን አልነቅፍም፤ ታክሲ ላይ ከሚለጠፈው ከብዙው ነገር ጥቅሱ ይሻላል። የሚያሳስበኝ፣ በዚህ ሁሉ ጥቅስ መሐል የሚውል ሰው መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ የሚያነብ እየመሰለው ዓመታት ማለፋቸው ነው። የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ጥቅስ መልቀም ይብቃችሁና መጽሐፍ አንብቡ። አንዱን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይዛችሁ፣ በየቀኑ ካቆማችሁበት እየቀጠላችሁ፣ እስከ መጨረሻው ዝለቁት። ምክንያቴን ላስረዳ።

ጥቅስ ሁልጊዜ መራጭ አለው። ወይ እናንተ ናችሁ፣ ወይ እናንተን ደስ የሚያሰኘውን አውቆ የሚልክላችሁ ሰው ነው። ስለዚህ የሚደርሳችሁ ስለ በረከት፣ ስለ ድል፣ ስለ ጥበቃ የሚናገረው ነው። ይህ ሁሉ እውነተኛ ቃል ነው፤ ግን ከቃሉ ውስጥ እኛ የወደድነው ክፍል ብቻ ነው። የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 5 ላይ እርሻ ያጨዱ ሠራተኞች ስለ ተከለከሉት ደመወዝ ይናገራል፤ ጩኸታቸው እግዚአብሔር ጆሮ ደርሷል ይላል። ይህን በሠርግ መጥሪያው ላይ ያሳተመ ማን ነው? ሱቁ ውስጥ በመስታወት አድርጎ የሰቀለስ? የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ «በሚቀጥለው ወር እሰጥሻለሁ» እያለች የምታጓትት እመቤት፣ ጠዋት ጠዋት የበረከት ጥቅስ እየተቀበለች ዓመት ሙሉ በሰላም ልትኖር ትችላለች። ያዕቆብን ከምዕራፍ 1 ጀምራ ብታነብ ግን ዛሬውኑ ትደርስበታለች፤ መልእክቱ በሙሉ 5 ምዕራፍ ነውና። በየቀኑ የማንበብ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ራሳችን ፈልገን የማንሄድበት ቃል በተራው መጥቶ ያገኘናል።

ከመጽሐፍ ተቆርጦ የወጣ ቃል ትርጉሙም ይዛባል። ከትንቢተ ኤርምያስ ወጣቶች ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁት የ29ኛውን ምዕራፍ 11ኛ ቁጥር ነው፤ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው የሰላም አሳብ እንደሆነ፣ ፍጻሜና ተስፋ እንደሚሰጣቸው የሚናገረውን ማለቴ ነው። ለማትሪክ ውጤት፣ ለቪዛ፣ ለአዲስ ሥራ ይጠቀስ ነበር፣ ይጠቀሳልም። አሁን ከምዕራፍ 28 ጀምራችሁ አንብቡት። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ሕዝብ ፊት ቆሞ የባቢሎን ምርኮ በሁለት ዓመት ውስጥ ያበቃል አለ፤ ኤርምያስ የባቢሎንን አገዛዝ ለማሳየት በአንገቱ የተሸከመውን የእንጨት ቀንበርም ወስዶ ሰበረው። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። በዚያው ዓመት ሐናንያ ሞተ። ኤርምያስ ደግሞ በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች ደብዳቤ ጻፈ፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ፣ የምትጎበኙት 70 ዓመት ሲፈጸም ነው የሚል። የተወደደችው ቁጥር 11 ያለችው ከዚህ 70 ዓመት ቀጥሎ ነው። ደብዳቤውን ከተቀበሉት ጎልማሶች አብዛኞቹ ተስፋውን በዓይናቸው ሳያዩ እዚያው ባቢሎን ይቀበራሉ ማለት ነው። ቃሉ ለእናንተ አይሆንም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በቤይሩት ወይም በሪያድ የሰው ቤት እየሠራች «ሁለት ዓመት ብቻ» ብላ የሄደች፣ አምስተኛው ዓመት የመጣባት እህት ደብዳቤውን በሙሉ ብታነብ ከአንዲቷ ቁጥር የበለጠ ታገኝበታለች። እግዚአብሔር የሚያስባት አገሯ ስትገባ ብቻ እንዳልሆነ፣ ባለችበት በባዕድ ከተማም እንደሆነ ታነባለች። ቁጥሯን ብቻ የያዘ ሰው ግን ሳያውቀው የኤርምያስን ቃል ይዞ የሐናንያን ስብከት ይሰብካል።

ይህ አደጋ አዲስ አይደለም፤ ወንጌል ራሱ አሳይቶናል። በማቴዎስ ምዕራፍ 4 ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ የፈተነው ዲያብሎስ የጠቀሰው ከዳዊት መዝሙር ነው፤ በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ቁጥር 90ኛው፣ በሌሎች 91ኛው። የጠቀሰው ቃል በመዝሙሩ ውስጥ አለ። ነገር ግን መዝሙሩን አውጥታችሁ አስተያዩት፦ መላእክት በመንገድህ ሁሉ እንዲጠብቁህ ታዘዋል ከሚለው ውስጥ መንገዱን የሚያነሣውን ክፍል ዘሎታል፤ አንበሳውና እባቡ እንደሚረገጡ የሚናገረው ቁጥር ጋ ከመድረሱ በፊትም አቁሟል። ያቆመበትን ምክንያት ለእናንተ እተወዋለሁ። የጌታ መልሶች ደግሞ ሦስቱም ከኦሪት ዘዳግም፣ ከምዕራፍ 6 እና ከምዕራፍ 8 የመጡ ናቸው። እነዚያ ምዕራፎች ስለ ምን እንደሚናገሩ ተመልከቱ፦ እስራኤል በምድረ በዳ 40 ዓመት ስለ መራባቸውና መና ስለ መብላታቸው፣ እግዚአብሔርን ስለ መፈታተናቸው፣ ከጠገቡ በኋላ ሌላ አምላክ እንዳይከተሉ ስለ መጠንቀቃቸው። ጌታም በምድረ በዳ ነው፣ 40 ቀን ጾሟል፣ ተርቧል። መልስ የሰጠው ያለበትን ሁኔታ ከሚናገረው ክፍል ውስጥ ሆኖ ነው። ፈታኙ ቆርጦ አመጣ፤ ጌታ ሙሉውን አውቆ መለሰ። በፈተና ሰዓት የሚጠቅም ንባብ የትኛው እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በሥራ ያውቁት ነበር። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙሩን ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ እንደተሰጠው ይደግማል፤ ዛሬ ደስ ብሎኛልና የምስጋናውን፣ ከፍቶኛልና የልቅሶውን ብቻ አይልም። ልጁን በዳረ ማግስት የልቅሶው መዝሙር ቢደርሰው ያንኑ ይደግማል። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው 87ኛውን መዝሙር (በሌሎች ቁጥር 88ኛውን) ሳያገኘው አይቀርም። ያ መዝሙር ሌሎቹ የኀዘን መዝሙሮች እንደሚያደርጉት መጨረሻው ላይ ወደ ተስፋ አይመለስም፤ ወዳጅ ርቆ፣ ጨለማ ብቻ ቀርቶ ያልቃል። እንዲህ ያለ ጸሎት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መኖሩን የሚያውቅ ወጣት፣ ጨለማ ሲመጣበት እምነቱ የጠፋ አይመስለውም። ማንም ግን ይህን በአበባ ሥዕል ላይ ጽፎ አይልክላችሁም። እርግጥ ነው፣ ብዙዎቹ በግእዝ ሲደግሙ የሚሉት አይገባቸውም ነበር፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። እናንተ የሚገባችሁ ቋንቋ በእጃችሁ አለ። የጎደለባችሁ የእነርሱ ጽናት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ብትይዙ ከእነርሱም ትበልጣላችሁ።

«እግዚአብሔር በአንዲት ጥቅስ ሕይወት ሊለውጥ አይችልም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ይችላል። ለዚህ ዘወትር የሚነሡት ሁለት ምስክሮች አባ እንጦንስና አውግስጢኖስ ናቸው፤ ሁለቱንም በደስታ እቀበላቸዋለሁ። እንጦንስ ባለጠጋው ወጣት ያለውን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ የታዘዘበትን ወንጌል ሰምቶ ሀብቱን ተወ። ታሪኩን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ሌላም ይነግረናል፦ ቃሉን የሰማው በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ ነው፤ ወደዚያ ሲሄድም ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንደተከተሉ፣ በሐዋርያት ሥራ ያሉት አማኞች ንብረታቸውን እንደሸጡ እያሰላሰለ ነበር። አውግስጢኖስም እ.ኤ.አ. በ386 ሚላን በአትክልት ስፍራ የጳውሎስን መጽሐፍ ገልጦ ከሮሜ መልእክት ምዕራፍ 13 ዓይኑ ያረፈበትን አንብቦ ተለወጠ። ሆኖም ጳውሎስን በጉጉት ማንበብ የጀመረው ከዚያ በፊት እንደሆነ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ራሱ ጽፏል። ሁለቱንም ሰዎች አንዲት ቃል ያቃጠለቻቸው እንጨቱ አስቀድሞ ስለ ተከመረ ነው። ደግሞም እንጦንስ የሰማውን አልመረጠውም፤ የዕለቱ ንባብ ነው መጥቶ የያዘው። ይህ ክርክር እኔን ይደግፋል እንጂ አይቃወመኝም።

«ጊዜ የለንም» ለሚለው ረጅም መልስ አልሰጥም። ዮናስ 4 ምዕራፍ ነው፣ ሩት 4፣ ፊልጵስዩስ 4። አንዱን ድምፅ አውጥቶ ለማንበብ አንድ ጊዜ ቲክቶክ ገብቶ ከመውጣት ያነሰ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ረጅም መጽሐፍ ከሆነ በቀን አንድ ምዕራፍ ይበቃል። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ሁለት ለመክፈል አትሩጡ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ንባቡ ለእግዚአብሔር የምትከፍሉት ግብር አይደለም፤ ስላነበባችሁ አይወዳችሁም፣ ስላላነበባችሁም አይጥላችሁም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ይህ ነው፦ «መጽሐፉ ይከብዳል፤ ብቻችንን ብናነብ ተሳስተን ብንቀርስ?» ትክክለኛ ፍርሃት ነው። መልሱን ግን ከራሳችን ሰው እንውሰድ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ የንግሥት ሕንደኬ የገንዘብ አዛዥ፣ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ድምፁን አውጥቶ ነው የሚያነበው፤ ሊያስተምረው የተላከው ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ሰምቶታልና። ያነበበው አልገባውም፤ አልገባኝም ለማለትም አላፈረም። ጥያቄውን ተመልከቱ፦ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው? ይህ መጽሐፍ ይዞ የሚከታተል ሰው ጥያቄ ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ስለ ማን እንደሚናገር መከተል የጀመረ ሰው ብቻ ይጠይቀዋል። መምህሩም የመጣለት ንባቡን ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ መምህር እስኪገኝ አንብብ፣ ሲገኝም ጠይቅ። የኦርቶዶክስ ልጅ ከሆንክ የአንድምታ ትርጓሜ የሚያውቁ አባቶች አሉ፤ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ከሆንክም የሚያስተምርህ ሽማግሌና አብሮህ የሚያጠና ጓደኛ አታጣም። ያልገባህን ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግበትና እለፍ፤ ዘሌዋውያን ላይ ተጣብቀህ ዓመቱን አትጨርስ። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ጃንደረባው ያቆመበት ቦታ 53ኛው ምዕራፍ ነው። ከዚያ ጥቂት ቢቀጥል፣ በ56ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ባዕድ ሰውን ወደ ቤቱ እንደሚቀበል፣ ለጃንደረባም በቤቱ ውስጥ ስምና መታሰቢያ እንደሚሰጥ ያገኛል። ጃንደረባ ለሆነ፣ ለዚያውም ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚነካ ቃል በመጽሐፉ ሁሉ የለም፤ የሚጠብቀውም ጥቅልሉን ገፋ አድርጎ የሚያነበውን ነው።

ይህ ሁሉ ንባብ ወደ ኑሮ ካልወረደ ከንቱ ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም፣ ያዕቆብም ይህንኑ ይላል። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ምን አገኘሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «ዛሬ ማንን ልታረቅ፣ የማንን ገንዘብ ልመልስ፣ የትኛውን ወሬ ልተው?» በሉ። ለመጀመር ወደ ፊልሞና የተጻፈውን መልእክት ውሰዱ። ጳውሎስ ከእስር ቤት ሆኖ ስለ አናሲሞስ ይጽፋል፤ ከጌታው ከፊልሞና ተለይቶ ስለ ነበረው ባሪያ። እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምነዋል፤ ዕዳ ካለበትም እኔ እከፍላለሁ ይላል። ደብዳቤው የሚደርሰው ለፊልሞና ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ለምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያንም ነው። ፊልሞና በጎረቤትና በቤተሰብ ፊት መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ጳውሎስ የእንግዳ ማረፊያ እንዲያዘጋጅለት ያዝዛል፤ መጥቼ አያለሁ ማለቱ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ታክሲ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ ማውጣት ይቸግራል። ነገር ግን ሙሉውን ያነበበ ሰው በቤቱ ያለችውን ሠራተኛ፣ ወይም ገንዘቡን ይዞበት የጠፋውን ወንድሙን እንደ ድሮው ማየት አይቻለውም። ዛሬ ማታ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ በሙሉ 25 ቁጥር ነው። ነገ ደግሞ ያዕቆብን ከምዕራፍ 1 ጀምሩ።