ኢሣር፦ ከእድር መዝገብ ውጭ ላለው ሰው ማን አለው?

 

በሠፈራችን በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ይኖር የነበረ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ። ከገጠር የመጣ ነበርና በከተማው ዘመድ አልነበረውም። የእድር አባልም አልነበረም። ሱብሒ ሰግደን ከደጃፉ የተሰበሰብነው ሰዎች መጀመሪያ ያነሳነው ጥያቄ «የየትኛው እድር ነው?» የሚል ነበር። መልስ የሰጠ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተማርኩ የምለው እኔም በልቤ ሂሳብ እሠራ ነበር፤ የከፈኑን ብሰጥ ማን ይተካልኛል? በዚህ መሐል በቆሎ እሸት ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናት ከሻርጳቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ፈቱና «ልጆቼ፣ ከፈኑን ግዙበት፤ ጀናዛ ማቆየት ነውር ነው» አሉን። ሁላችንም አፍረን እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን።

ለመሆኑ ሰው ራሱን አስርቦ ለማያውቀው ሰው የሚሰጠው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የዘመናችንን የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ሲያስጨንቅ ኖሯል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ለህልውና የሚደረገውን ትግል ሲያስረዳ አንድ እንቆቅልሽ ገጥሞት ነበር። ሠራተኛ ጉንዳኖች አይወልዱም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሌሎች ሲለፉ ይሞታሉ። እያንዳንዱ ለራሱና ለዘሩ የሚታገል ከሆነ እነዚህ ከየት መጡ?

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 መልሱን በሂሳብ አቀረበው። ፍጡር ለዘመዱ ሲደክም በከፊል ለራሱ ዘረመል መደከሙ ነው፤ ወንድም ግማሹን፣ የአጎት ልጅ ስምንተኛውን ይጋራዋልና። ዝምድናው በራቀ መጠን ልግስናው ይቀንሳል ማለት ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ትሪቨርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ዝምድና በሌለበት ቦታ ውለታ እንደሚሠራ አሳየ፤ ዛሬ እረዳሃለሁ፣ ነገ ትረዳኛለህ። እ.ኤ.አ. በ1984 ጄራልድ ዊልኪንሰን የተባለ ተመራማሪ ኮስታሪካ ውስጥ ደም የሚመጡ የሌሊት ወፎችን አጥንቶ፣ የጠገበችው ለተራበችው ጓደኛዋ ከጠጣችው ደም መልሳ እንደምታካፍላት ጽፏል። እነዚህ ፍጥረታት ሁለት ሦስት ሌሊት ካልበሉ ይሞታሉና መረዳዳታቸው የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

ይህን ዕውቀት መናቅ አይገባንም። የአላህን ፍጥረት ማስተንተን ታዘናልና። ደግሞም እውነትነቱን በየሠፈራችን እናየዋለን። እድራችንና እቁባችን ምንድን ናቸው? ዛሬ እቀብርልሃለሁ፣ ነገ ትቀብርልኛለህ የሚል ውል ነው። መልካም ውል ነው፤ ብዙ ቤት አቁሟል። ነገር ግን መዋጮ መክፈል ያልቻለው ሰውስ? ዘመድም ያልሆነው፣ ውለታም የማይመልሰው? የሂሳቡ መዝገብ እዚህ ላይ ያበቃል።

ቁርኣን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አል-ኢንሳን በተሰኘው ሱራ ውስጥ ደጋጎች ምግቡን ራሳቸው እየወደዱት ለሚስኪን፣ ለየቲምና ለምርኮኛ እንደሚያበሉ፣ ዋጋም ሆነ ምስጋና ከእነሱ እንደማይሹ ተነግሮናል። ምርኮኛ ማን ነው? ትናንት ሰይፍ የመዘዘብህ ጠላት ነው። ዝምድና የለው፣ ነገ የሚመልሰው ውለታ የለው። በሐሚልተን ሂሳብም ሆነ በትሪቨርስ ውል ቦታ አያገኝም፤ በሙእሚን ማዕድ ላይ ግን ቦታ አለው።

እስልምና ግን የነፍስን ስስት አልካደም። የአል-ሐሽር ሱራ 9ኛ አንቀጽ የመዲናን አንሷሮች፣ እነሱው ተቸግረው ሳለ ስደተኞችን በማስቀደማቸው ሲያወድስ፣ የሚድነው ከነፍሱ ንፍገት የተጠበቀ ሰው መሆኑን አያይዞ ይገልጻል። ኢሣር ማለት ይኸው ነው፤ ሌላውን ከራስ ማስቀደም። በሂጅራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ622፣ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ የሀብቱን ግማሽ ሊሰጠው መነሳቱን፣ ዐብዱረሕማንም ዱዓ አድርጎለት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ መጠየቁን እናውቃለን። ሰጪው አልሰሰተም፤ ተቀባዩም አልተመቻቸበትም። የኛው አገር ንጉሥ ነጃሺም በ615 ገደማ የተጠጉትን ስደተኞች አሳልፎ እንዲሰጥ ቁረይሾች የላኩለትን ስጦታ እንደመለሰ የሲራ መጻሕፍት ይተርካሉ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ራስ ወዳድ ዘረመል የጻፈው ሪቻርድ ዳውኪንስ እንኳ ሰው ልግስናን መማር እንዳለበት አሳስቧል። ታዲያ «አለብህ» የሚለው ትእዛዝ ከየት መጣ? ዘረመል እንዲህ ነው ይላል እንጂ እንዲህ መሆን አለበት አይልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ የአሥራ ስምንት ወር ሕፃናት የማያውቁት ሰው ዕቃ ሲወድቅበት፣ ሽልማት ሳይሰጣቸው አንስተው እንደሚያቀብሉት አሳይቷል። ይህ እኛ ፊጥራ የምንለውን ያስታውሰናል። ስስትም ደግነትም በውስጣችን አሉ፤ የትኛውን እንደምናሳድግ ግን እንጠየቃለን።

«አጅር የሚጠብቅስ ነጋዴ አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ልዩነቱን እናስተውል። ዋጋውን ከአላህ የሚጠብቅ ሰው ከተቀባዩ ምንም አይጠብቅም። ስለዚህ ተቀባዩ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ ሊመልስ የሚችል ይሁን የማይችል፣ ለእሱ አንድ ነው። የዝምድናንና የውለታን አጥር የሚያፈርሰው ይህ ነው። እኚያ እናት ብራቸውን ሲፈቱ የሟቹን ስም እንኳ አያውቁም ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጀናዛን ማንሳት ፈርድ ኪፋያ ነው፤ የሚያነሳው ከጠፋ ወንጀሉ በሁላችን ላይ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ። በግቢያችን፣ በጎረቤታችን፣ ከየትኛውም መዝገብ ውጭ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። እድሮቻችንም መዋጮ ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡ። ሰውየው ሳይሞት በፊት፣ በሕይወት እያለ ስሙን እንወቀው።

አላህ ከነፍሳችን ንፍገት ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።