የእስስት ልጅ ማሳደግ ደግነት ነውን?

እዚህ ቦሪ፣ ዝናብ ጥሎ ቁጥቋጦው ሲያቆጠቁጥ፣ ልጆች የእስስት ልጅ ከቅርንጫፍ ላይ እያነሡ በካርቶን ወይም አፉ በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ማኖር ይወዳሉ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ትልልቆቹን ያከራክራል። አንዱ፣ «ተዉአቸው፤ ልጅ ርኅራኄን የሚማረው ከእርሱ ያነሰ ፍጡር ሲያሳድግ ነው» ይላል። ሌላው፣ «እስስት ደግ ነገር አይደለችም፤ አውጥታችሁ ጣሏት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «እኛው ራሳችን በሰው አገር ተጠልለን ሳለ ሌላውን የምናስር ምን ነንና?» ሲል ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከሦስተኛው ሰው ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ባጭሩ፣ አስጠጊ ለተጠጊው ያለበት ዕዳ ምንድን ነው የሚል ነው።

ወደ ፍርዱ ከመግባታችን በፊት ፍጡሯን ማወቅ ይገባል፤ ሳያውቁ መፍረድ የሰነፍ ዳኛ ሥራ ነውና። እስስት መርዝ የላትም። በደጋ ከሚኖሩት ወገኖቿ መካከል ልጅ የሚወልዱ አሉ፤ በኬንያ ተራራ አካባቢ የሚገኘው ባለ ሦስት ቀንዱ የጃክሰን እስስት ለዚህ ምሳሌ ነው። በቆላ ያሉት ግን በአብዛኛው እንቁላላቸውን አፈር ቆፍረው ይቀብራሉ። እናቲቱ ጉድጓዱን ደፍና፣ አፈሩን አስተካክላ መንገዷን ትሄዳለች፤ ልጆቿን አታያቸውም፣ እነርሱም አያውቋትም። የእስስት ልጅ ከእንቁላሏ እንደ ወጣች ቅርንጫፍ መጨበጥ፣ ዓይኖቿን ለየብቻ ማዞር፣ ምላሷን ወርውራ ትንንሽ ነፍሳትን ማደን ትችላለች። እንግዲህ «እናት የላትምና ላሳድጋት» የሚለው ምክንያት ከመነሻው ወደቀ ማለት ነው። እናት ማጣት ለሰው ልጅ ጉድለት ነው፤ ለእርሷ ግን የተፈጥሮ ሥርዓቷ ነው። የራሳችንን ሐዘን በሌላው ላይ ጭነን፣ ተመልሰን የሐዘኑ አጽናኝ ሆነን መቅረብ አይገባንም።

ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው የውኃው ጉዳይ ነው። ልጆቹ በክዳን ውኃ ያስቀምጡላታል። ውኃው ሞልቶ ሳለ እስስቷ ትደርቃለች፤ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳሉ፤ ውላ አድራም ትሞታለች። ለምን ቢሉ፣ እስስት በአብዛኛው የቆመ ውኃ አትጠጣም። የምትጠጣው በቅጠል ላይ የሚያርፈውን ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው። ጠብታው ሲያብረቀርቅና ሲንቀሳቀስ ካላየች ውኃ መሆኑን አትለየውም። አሳዳጊው ግን በቅን ልቦና «ውኃ አቅርቤላታለሁ» ይላል። አልዋሸም፤ ውኃውም ያው አለ። ታዲያ ሟቿን ማን ገደላት? እኔ እንደሚመስለኝ የገደላት የሰጪው በራሱ መርካት ነው። ሰጪ ከእጁ የወጣውን ብቻ እየቆጠረ ያድራል፤ ተቀባይ ግን የሚኖረው ወደ አፉ በገባው ነው።

የቤቷም ነገር እንደዚሁ ነው። በማርባት ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች የእስስት ልጆችን የሚያኖሩት ነፋስ በሚያሳልፍ የሽቦ ወንፊት ቤት ነው። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ያስገቡበታል፤ ፀሐይ የሚሞቁበትና በጥላ የሚሸሸጉበት ሥፍራ ይለዩላቸዋል፤ በቀን ደጋግመው ቅጠሉን በውኃ ይረጫሉ፤ ከፍ ከፍ ሲሉም ለየብቻ ያኖሯቸዋል። ይህም እስስት ብቻዋን መኖር የምትወድ ፍጡር ስለሆነች ነው። ለእኛ ብቸኝነት ቅጣት ነው፤ ለእርሷ የጎረቤት ብዛት ቅጣት ነው። በካርቶን ውስጥ ታዲያ ነፋስ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ቅጠል የለ።

ወደ ቀለሟ እንምጣ። በቋንቋችን «እስስት» ማለት ስድብ ነው፤ አቋም የሌለውን፣ በነፈሰበት የሚነፍሰውን አድርባይ እንጠራበታለን። ስደተኛም ከዚህ ስድብ አያመልጥም፤ በአንዱ ደጅ አማርኛ፣ በሌላው ደጅ ስዋሂሊ ሲናገር የሰማ ሁሉ «ተለወጠ» ይለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ፓንተር የተባለው የማዳጋስካር እስስት ቀለሙን የሚለውጠው በቆዳው ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎችን በማቀራረብና በማራራቅ እንደ ሆነ አሳይተዋል። የእስስት ቀለም መለወጥ የቆመችበትን ለመምሰል ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ለመቀበል፣ ቁጣንና ፍርሃትን ለማስታወቅ፣ ተባዕትና እንስት ለመፈላለግ ያገለግላል። ስለዚህ ሁለት እስስቶችን በአንድ ካርቶን ጨምሮ፣ ቀለማቸው ሲፈካ «እንዴት ያምራሉ!» የሚል ሰው የሚያየው ጠባቸውን ነው። ስትጠቁርም ብዙ ጊዜ ብርድ ወይም ጭንቀት ይዟት ነው። አስመሳይ ብለን የምንሰድባት ፍጡር ስሜቷን በቆዳዋ ላይ ጽፋ የምትዞር ሆና ተገኘች፤ ማንበብ ያቃተን እኛ ነን።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል። «በዱር ብትቀር ወፍና እባብ ይበሏታል፤ በካርቶን ግን ነፍሷ ትተርፋለች። ደግሞም ለጊዜው ነው፤ በኋላ ትለቀቃለች።» ይህ ክርክር በዋዛ የሚጣል አይደለም። ከአንዲት እናት ከሚወጡት ብዙ ልጆች ለመውለድ የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው። እኛስ ብንሆን ነፍስ ትቅደም ያልን ሰዎች አይደለንምን? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኬንያ ሲገቡ፣ ወዲህ ማዶ ምን ዓይነት ቤት ይጠብቀኛል ብሎ የሚዘገይ አልነበረም። ነገር ግን ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ያ ሰው በእግሩ መጣ፣ እስስቷን ግን አንሥቶ ያመጣት ሌላ ነው። ጥላ ፈልጎ የገባና ተይዞ የገባ አንድ አይደሉም። የሌላውን ምርጫ የወሰደ ሰው፣ ያ ምርጫ ያስገኝ የነበረውን ሁሉ ለማቅረብ ባለዕዳ ይሆናል፤ ጥላ በሚያስፈልግበት ሰዓት ጥላ፣ ፀሐይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ፀሐይ። ይህን መክፈል የማይችል ሰው ባይበደር ይሻለዋል።

«ለጊዜው ነው» የሚለውም ቃል ሊመረመር ይገባዋል። በማዳጋስካር የላቦርድ እስስት የሚባል አለ። ከአንድ ዓመት ዕድሜው ስምንት ወይም ዘጠኝ ወሩን በእንቁላል ውስጥ ያሳልፋል፤ ተፈልፍሎ ፀሐይ የሚያየው ለአራት ወይም ለአምስት ወር ነው። በዚያው ያድጋል፣ ይዋለዳል፣ ይሞታል። ለእንዲህ ያለው ፍጡር በካርቶን ያለፈች አንዲት ወር የዕድሜው ሩብ ወይም አምስተኛ እጅ ናት። ጊዜያዊ የሚለውን ቃል ማንም ሊናገረው ይችላል፤ ርዝመቱን የሚያውቀው ግን በውስጡ የሚኖረው ነው። ይህን ለዚህ ሠፈር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ዕዳው ፈጽሞ ሲዘነጋ ደግሞ ነገሩ እስከ የት እንደሚደርስ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የኦስትሪያ ባለሥልጣኖች እንዳስታወቁት፣ ከታንዛኒያ ተነሥቶ በኢትዮጵያ በኩል ቪየና የደረሰ አንድ መንገደኛ 74 እስስቶችን በካልሲና በባዶ የአይስክሬም ሣጥን ሸሽጎ ተያዘ። ከመካከላቸው ገና የአንድ ሳምንት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ። ሦስቱ ሞቱ፤ የተረፉትን የሾንብሩን መካነ አራዊት ተረከባቸው። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛው ሰው ምናልባት እስስት የሚጠላ አይደለም፤ እንዲያውም «እስስት እወዳለሁ» የሚል ነው። የሚወደው ነገር በምን መንገድ እጁ እንደ ገባ የማይጠይቅ ፍቅር ግን ከስስት ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ልጆቹን ምን እንበላቸው? «ጣሏት» ማለት ጭካኔን ማስተማር ነው፤ «አሳድጓት» ማለትም በማይችሉት ዕዳ መንከር ነው። በዚያ ላይ የኬንያ የ2013 የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማኖርን አይፈቅድም። እኔ የማቀርበው ሦስተኛ መንገድ ነው። የተያዘችውን ወደ ተነሣችበት ቁጥቋጦ ይመልሷት። ከዚያም ውኃ በሚቀዳበት ቀን፣ ልጁ ከድርሻው አንድ እፍኝ ወስዶ ቅጠሉን ይርጭላትና ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ውኃ እዚህ ምን ያህል እንደሚወደድ ያውቃልና ስጦታው ቀላል አይደለም። እስስቷም ከፈለገች ቀስ ብላ መጥታ ጠብታውን ትጠጣለች፤ ካልፈለገችም ትሄዳለች። በዚህ መንገድ ልጁ ርኅራኄውን ይማራል፤ እርሷም ነፍሷንና ቅርንጫፏን ይዛ ትቀራለች።

ይህ ደንብ ለእስስት ብቻ የተሠራ አይደለም። ነገ ከእኛ በኋላ የመጣ እንግዳ በራችንን ሲያንኳኳ፣ ያለንን ከፊቱ ከመደርደራችን በፊት ምን እንደሚጠጣ እንጠይቀው። የተለየ አሳብ ያለው አንባቢ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።