«የለም» ለማለት

ሰው ድንጋይ ይዞ መጥቶ «ይህ ቅሪተ አካል ይሆን?» ቢለን ምን ዕዳ አለብን? እኛ ከደብተር ጋር የምንውል ሰዎች ነገሩን እናቀለዋለን። መጽሐፍ ገልጦ «ነው» ወይም «አይደለም» ማለት ነው፤ ሌላ ምን አለ!

በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተርሻየር ቻርንውድ የሚባል ደናማ ኮረብታ አለ። በ1956 እ.ኤ.አ. ቲና ኔገስ የተባለች የ15 ዓመት ልጅ እዚያ ካለ የድንጋይ ካባ ግድግዳ ላይ የቅጠል ቅርጽ አየች። ለጂኦግራፊ መምህሯ ብትነግር፣ በፕሪካምብሪያን ድንጋይ ቅሪተ አካል የለም አሏት። እሱንማ አውቃለሁ፣ የገረመኝም ይኸው ነው አለች። እንግዲያው ድንጋዩ ፕሪካምብሪያን አይደለም ተባለች። ነው ብትል ደግሞ፣ እንግዲያው ያየሽው ቅሪተ አካል አይደለም! ክርክሩ እንደ ወፍጮ በሬ ዞሮ እዚያው። ድንጋዩን ግን ሄዶ ያየ የለም።

በዓመቱ ሮጀር ሜሰን የሚባል ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ገደል ሲወጣ ያንኑ ቅርጽ አየና ለሌስተር ዩኒቨርሲቲው ጂኦሎጂስት ለትሬቨር ፎርድ ነገረ። ፎርድም መጀመሪያ አላመነም። ቢሆንም ተነሥቶ ሄደ። በ1958 ቅሪቱን «ቻርኒያ ሜሶኒ» ብሎ ለዓለም አስታወቀ። ዕድሜው ዛሬ 560 ሚሊዮን ዓመት ግድም ይገመታል።

መምህሯን ክፉ ማለት አይቻለንም። የዘመኑን ዕውቀት ነው የተናገሩት፤ ፎርድም የተማረው ያንኑ ነበር። እንዲያውም እሱ ራሱ አልጌ ነው ብሎ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት ከእንስሳት ወገን ይቆጥሩታል። ስለዚህ ፎርድን የምናከብረው ትክክል ስለሆነ አይደለም። ስለሄደ ነው።

እዚህ ላይ አንዱ ጓደኛችን «ፒልትዳውንስ?» ብሎ አፋጠጠን። እውነቱን ነው። በ1912 ቻርልስ ዳውሰን የተባለ ጠበቃና ቅርስ ሰብሳቢ የጥንት ሰው አጥንት አገኘሁ ሲል፣ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ስሚዝ ውድዋርድ እቦታው ድረስ ሄዶ አብሮ ቆፍሯል። መንጋጋው የኦራንጉታን፣ ጥርሱም በሞረድ የተሞረደ መሆኑ የተጋለጠው በ1953 ነው። እግር ሄዷል፤ ዓይን ግን የናፈቀውን ብቻ አየ። ኧረ እንዲያውም፣ የዚያን ጊዜ «የለም» የሚል ግትር መምህር ቢገኝ በጀ ነበር! ይህን ጓደኛችንን እስካሁን አልረታነውም።

ሜሰን በኋላ ራሱ ጂኦሎጂስት ሆነ። ቅርጹን ቲና ቀድማው እንዳየችም መስክሮላታል። የቅሪቱ ስም ግን አሁንም ቻርኒያ ሜሶኒ ነው።