ጉድጓዱና ጠፍሩ

አንድ ንጉሥ ነበሩ፤ እጅግ የሚወዱት ፈረሰኛም ነበራቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ፈረሰኛው በእንግዶች ፊት ሰፊ ጉድጓድ በፈረስ ይዘላል፤ ሕዝቡም ሜዳውን በእልልታ ያቀልጠዋል።

በአንዱ በዓል ባልደራሱ ፈረሱን ሲጭን የኮርቻው ጠፍር መሳሳቱን አየ። ወደ አጋፋሪው ሮጦ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ጠፍር ዝላይ አይችልም፤ እስኪቀየር ጥቂት ይታገሡን» አለ። አጋፋሪው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየና፣ «መሽቷል፤ ጃንሆይም ከነእንግዶቻቸው ተቀምጠዋል። ዛሬን በዚሁ ይዝለል፣ ነገ ይቀየራል» ሲል መለሰ። ወደ ፈረሰኛው ዞሮም፣ «ምነው፣ ፈራህ እንዴ?» አለው። ፈረሰኛው «ፈራ» ከሚባል ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነበርና ዝም ብሎ እርካቡን ረገጠ።

ፈረሱ ጉድጓዱን በደኅና ተሻገረ። መሬት ሲረግጥ ግን ጠፍሩ ተበጠሰ፤ ኮርቻው ዞረ፤ ፈረሰኛው በጀርባው ወደቀ፣ ዳግመኛም አልቆመም።

ንጉሡ ሊጠይቁት መጡ። «አይዞህ ልጄ፣ የሙያህ ዕጣ ነው፤ ጀግና ይወድቃል» ብለው ወርቅ አኖሩለት። እሱ ግን፣ «ጃንሆይ፣ ጉድጓዱ የእኔ ነበር፤ አውቄ ገባሁበት፣ ተሻገርሁትም። ጠፍሩስ የማን ነበር?» አላቸው። ንጉሡ የሚመልሱት አጡ። ባልደራሱ ጠፍሩን ዳስሶ «ይሁን» ሳይል፣ በእሳቸው በራሳቸው ትእዛዝ እንኳ ቢሆን፣ ፈረስ ከጋጣ እንዳይወጣ በዚያው ዕለት አዋጅ አስነገሩ።

የሳሳው ጠፍር ነገር በተረት ብቻ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ መኪና እሽቅድምድም የሚተርከው «ዘ ካነንቦል ራን» ፊልም በአሜሪካ ኔቫዳ ይቀረጽ ነበር። በተዋናዮች ምትክ አደገኛ ትዕይንቶችን የምትሠራው የ24 ዓመቷ ሃይዲ ቮን ቤልትዝ የተሳፈረችበት መኪና፣ በፊት ለፊት በሚመጡ ተሽከርካሪዎች መካከል ሊሽሎከለክ ሲሞክር ከቫን ጋር ተጋጨ። መኪናው የደኅንነት ቀበቶ አልነበረውም። አንገቷ ተሰበረ፤ በ2015 እስካረፈችበት ቀን ድረስ ከጉዳቱ ጋር ኖረች። ለአደገኛ ትዕይንት በሚውሉ መኪኖች ቀበቶ ግዴታ የሆነው ከእሷ አደጋ በኋላ ነው።

አደገኛ ትዕይንት የሚሠራ ሰው ሲጎዳ «ፈልጎ የገባበት ነው» ማለት ይቀናናል። ፈልጎ የገባው ግን ወደ ዝላዩ እንጂ ወደ ሳሳው ጠፍር አይደለም። ጉድጓዱ የጀግናው ድርሻ ነው፤ ጠፍሩ የአሠሪው። እንግዲህ ሰውን ለአደጋ የሚያሰማራ ሁሉ «ፈራህ እንዴ?» ከማለቱ በፊት ባልደራሱን ይስማ።