ስሙን ይዘን መልኩን እንዳንረሳ



በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 32 የተጻፈውን የወርቁን ጥጃ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ግን የምንተርከው ሕዝቡ እግዚአብሔርን ፈጽሞ ትቶ ሌላ አምላክ እንደ ተከተለ አድርገን ብቻ ነው። ምዕራፉን ቀረብ ብለን ስናነበው ከዚህ የረቀቀ ነገር እናገኝበታለን። አሮን በጥጃው ፊት መሠዊያ ከሠራ በኋላ፣ በማግሥቱ የሚውለው በዓል የእግዚአብሔር በዓል መሆኑን ለሕዝቡ ዐወጀ (ዘፀ. 32፥5)። ስሙ በአፋቸው ነበረ፤ መሥዋዕቱ አልቀረም፤ በዓሉም አልታጎለም። የተለወጠው መልኩ ነው። ከባርነት ያወጣቸውን ሕያው አምላክ ሣር በሚበላ በሬ ምሳሌ ለወጡት ብሎ መዝሙረኛው ያዘነው ስለዚህ ነው (መዝ. 106(105)፥20)።

ይህ ለምን ሆነ? መጽሐፉ ምክንያቱን አልሸሸገም፤ ሙሴ ከተራራው ሳይወርድ ስለ ዘገየ ነው። ቃሉን የሚያመጣላቸው ሰው አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ከዓይናቸው ራቀ። ቃሉን መጠበቅ ያቃተው ልብ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም፤ በእጁ ካገኘው ነገር ለራሱ አምላክ ይሠራል። በእነርሱ እጅ የነበረው የጆሮ ጉትቻ ነበረና ከጉትቻው ሠሩ። እንግዲህ በእኛ እጅ ያለው ምንድን ነው? ከእርሱስ ምን ዓይነት አምላክ እየሠራን ይሆን?

በቢቸና ገበያ የዋለ ገበሬ፣ በሞጣ ሱቁን ከፍቶ የሚያመሽ ነጋዴ፣ ከትምህርቱ የተስተጓጎለ ወጣት፣ ልጇ የራቀባት እናት፣ የእያንዳንዳቸው ልብ በብዙ ነገር ተከፋፍሏል። የማዳበሪያውና የጤፉ ዋጋ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የተነሣው ግጭት በየቤቱ ያገባው ሥጋትና ኀዘን አለ። በዚህ ላይ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚጎርፈው ወሬ አለ፤ እውነቱና ሐሰቱ ሳይለይ ልብን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ያመሻል። ይህን ሁሉ «ዓለማዊ ሐሳብ» ብሎ መገሠጽ ለሰባኪ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እናት ስለ ልጇ ብትጨነቅ፣ ገበሬ ስለ ዘሩ ቢያስብ ኃጢአት አይሆንበትም። ጌታችን ማርታን ሲወቅሳት ምግብ ማዘጋጀቷን አልነቀፈም፤ በብዙ ነገር መታወኳን አሳያት እንጂ (ሉቃ. 10፥41)። ጉዳቱ የሚመጣው ጭንቀቱ ስለ እግዚአብሔር የሚነግረን ብቸኛ መምህር ሲሆን ነው።

ቃሉን ሳንሰማ የኖርን እንደ ሆነ ከአምላክ ባዶ አንሆንም፤ በፍርሃታችንና በምኞታችን ልክ የተሰፋ አምላክ ይኖረናል። ከእነዚህ ምስሎች ሦስቱን ልጥቀስ።

አንደኛው እንደ አራጣ አበዳሪ ያለ አምላክ ነው። በስልክ የሚዞር አንድ መልእክት ይደርሰናል፤ ለዐሥር ሰው ብታስተላልፍ በረከት፣ ብትተወው መቅሠፍት ይመጣብሃል ይላል። የእግዚአብሔርና የቅዱሳን ስም ተጽፎበታልና እኛም ፈርተን እናስተላልፋለን። ልጁን ለእኛ የሰጠ አባት በስልክ መልእክት ልጆቹን የሚያስፈራራ ሆኖ መታየቱን ልብ አንለውም። ሁለተኛው የበዓል እንግዳ የሆነ አምላክ ነው፤ በልደትና በትንሣኤ በነጭ ልብስ እንቀበለዋለን፤ በማግሥቱ ሚዛን ስንይዝና ከጎረቤት ጋር በድንበር ስንካሰስ ግን የለም ብለን እንኖራለን። ሦስተኛውና በዚህ ዘመን እጅግ አስፈሪው የእኛ ወገን ብቻ የሆነ አምላክ ነው፤ እኛ የጠላነውን የሚጠላ፣ እኛ የረገምነውን የሚረግም። ሦስቱም ምስሎች የእግዚአብሔርን ስም ይዘዋል፤ መልኩ ግን የላቸውም።

ታዲያ መልኩን ከወዴት እናገኛለን? ኦሪት ዘፀአት ከጥጃው ታሪክ ቀጥሎ መልሱን ይሰጠናል። ጽላቱ ተሰብሯል፤ ኪዳኑ ፈርሷል። በዚያ ሰዓት ሙሴ የእግዚአብሔርን ክብር ለማየት ለመነ። እግዚአብሔርም ፊቱን ማየት እንደማይችል ነገረው፤ ነገር ግን በዐለቱ ስንጥቅ አኑሮ በእጁ ጋረደው፤ ቸርነቱንም ሁሉ በፊቱ አሳለፈ (ዘፀ. 33፥18-23)። ሲያልፍም ስለ ራሱ ተናገረ፦ መሐሪ፣ ርኅሩኅ፣ ለቍጣ የዘገየ፣ ምሕረቱና እውነቱ የበዛ፣ በደልን ይቅር የሚል፣ በደለኛውን ግን እንዲያው ንጹሕ ነህ ብሎ የማያልፍ አምላክ መሆኑን (ዘፀ. 34፥6-7)። ይህን የተናገረው ሕዝቡ ታማኝ በነበረበት ቀን ሳይሆን ክሕደቱ ገና ትኩስ ሳለ መሆኑን አስተውሉ። ሰው የእግዚአብሔርን መልክ በለወጠበት ሥፍራ እግዚአብሔር እውነተኛ መልኩን ገለጠ።

ይህ ቃል በብሉይ ኪዳን ደጋግሞ ይመለሳል። ሙሴ ስለ ሕዝቡ ሲማልድ ያነሣዋል (ዘኍ. 14፥18)፤ ዳዊት ይዘምረዋል (መዝ. 103(102)፥8)፤ ኢዩኤል ለንስሓ ሲጠራ ይመሠርትበታል (ኢዩ. 2፥13)። እጅግ የሚያስደንቀው ግን የነቢዩ ዮናስ ነው። ዮናስ ይህን ቃል የሚጠቅሰው ለምስጋና ሳይሆን ለክስ ነው። መሐሪ መሆንህን ዐውቄ ነበርና ስለዚህ ወደ ተርሴስ ሸሸሁ ብሎ ተቈጣ (ዮና. 4፥2)። የሕዝቡ ጠላት የነበረችው ነነዌ ምሕረት ማግኘቷ አንገበገበው። ዮናስ የእግዚአብሔርን ባሕርይ ያውቀዋል፤ አልወደደውም እንጂ። ወዳጆቼ ሆይ፣ ቃሉን ማንበብ ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም። አንዳንድ ቀን መጽሐፉን ስንከፍት የምናገኘው አምላክ ከእኛ ይልቅ ለጠላታችን የሚራራ መስሎ ይታየናል። በዚያች ቀን መጽሐፉን አንክደን፤ ከራሳችን ምስል ወደ እውነተኛው አምላክ መመለስ የጀመርነው በዚያች ቀን ነውና። ይህ ማለት ግን የፈሰሰው ደም አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ ያው ቃል በደለኛውን ንጹሕ እንደማይል ተናግሯል። ፍርዱ ግን የእርሱ ነው፤ በቀል የእኛ ድርሻ አልሆነም።

«እንዲህ ያለ መሐሪ ከሆነ አሁን የት አለ?» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ልብ እንዳለ ዐውቃለሁ። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራ በክረምት ብዙ ቀን በደመና ተጋርዶ ይሰነብታል። በዚያው ወራት ግን ከእርሱ የሚወርዱት ሙጋና ሱሃ ሞልተው ወደ ዐባይ ይጎርፋሉ። ተራራው ስላልታየ ጠፋ የሚል ገበሬ የለም፤ ወንዙን አይቶ ተራራው በቦታው መሆኑን ያውቃል። ነቢዩ ኤልያስም ነፍሱን ሊያድን ሸሽቶ በኮሬብ ዋሻ ሳለ ብርቱ ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት አለፉ፤ እግዚአብሔር በእነርሱ ውስጥ አልነበረም፤ ከእሳቱ በኋላ ግን ዝግ ያለ ትንሽ ድምፅ መጣ (1ነገ. 19፥11-12)። የዘመናችን ነፋስና እሳት ጆሮን የሚሞላ ነው። ትንሹን ድምፅ ለመስማት መጠጋት ያስፈልጋል።

የተነገረው ሁሉ ፊት ሆኖ የታየው በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ፊልጶስ አብን አሳየን ብሎ ሲለምነው፣ እርሱን ያየ አብን እንዳየ ነገረው (ዮሐ. 14፥8-9)። ይህ የተነገረው በየትኛው ሌሊት እንደ ሆነ አስቡ። ማድጋና ማበሻ ጨርቅ ይዞ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበበት፣ ሊያስረክበው የወጣውንም ሰው እግር ጭምር ባጠበበት ሌሊት ነው። ለሙሴ በዐለት ስንጥቅ ከጀርባው የታየው ክብር፣ ለእኛ በጉልበቱ ተንበርክኮ ታየን። ስለ እግዚአብሔር የሰማነው ማንኛውም ነገር፣ ከስልክም ይምጣ ከመድረክ፣ ከዚህ ፊት ጋር ካልተስማማ የእርሱ አይደለም።

ይህን ፊት በመፈለግ ዕድሜውን የጨረሰ ምስክር ከዚህችው ምድር ወጥቶልናል። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም. በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። በመርጡለ ማርያም ተምረው መነኰሱ። በዘመናቸው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሊቃውንት መካከል ብርቱ ክርክር ነበረ፤ ብዙዎች በመምህራቸው ወይም በአውራጃቸው ወገን ቆመው ሲሟገቱ፣ እርሳቸው ግን እውነቱን ከመጻሕፍት ለመመርመር ከገዳም ወደ ገዳም፣ እስከ ጎንደርም ተጓዙ። እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. ወደ ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ወጥተው፣ የዛሬውን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስን፣ ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ የሚላቸውን፣ በቅርብ ዐወቁ፤ ሮምንና ኢየሩሳሌምንም አዩ። በ1844 ዓ.ም. ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር። በ1851 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ክህነት ተቀበሉ። በ1854 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በማግሥቱ ዓመት ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት ከቦታ ወደ ቦታ ሲወሰዱ በመንገድ ዐረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1926 ዓ.ም. ብፅዕናቸውን ዐወጁ።

የእርሳቸውን ስም ጎረቤታችንን ለመውቀስ የምንጠራው ከሆነ አልገባንም ማለት ነው። ማንበብንና መመርመርን ያስተማራቸው የመርጡለ ማርያም ጉባኤ ነው፤ ያንን ባለውለታ መርሳት አይገባንም። የሚገባንስ ይህን ማሰብ ነው፦ አንድ ዓይን የነበራቸው መነኵሴ እግዚአብሔርን ለማወቅ አገር አቋረጡ፤ እኛ በሁለት ዓይናችን ከቤታችን መደርደሪያ ያለውን መጽሐፍ እንዴት አላየነውም? ጌታችን የሰውነት መብራት ዓይን እንደ ሆነችና ዓይን ጤናማ ስትሆን ሰውነት ሁሉ ብሩህ እንደሚሆን አስተምሯል (ማቴ. 6፥22)። ብርሃኑ ዓይናችን በሚያርፍበት ላይ ይወሰናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ ምእመናን ሁሉ ቅዱሳት መጻሕፍትን አዘውትረው እንዲያነቡ አጥብቆ መክሯል፤ ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስም በ2019 ዓ.ም. ለእግዚአብሔር ቃል የተለየ እሑድ ሠይመዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት የኖረው መነኵሴ ጊዶ ማንበብን፣ ማሰላሰልን፣ መጸለይንና በእግዚአብሔር ፊት በዝምታ ማረፍን እንደ መሰላል አራት ደረጃዎች አድርጎ አስተማረ። ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በቢቸና አቅራቢያ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያሉ ጉባኤያት ባሉበት ምድር፣ የአብነት ተማሪ አንዱን ዳዊት በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እያለ ሦስት ጊዜ እንደሚመላለስበት እናውቃለን። ቃል በአንድ ንባብ አያድርም፤ በመመላለስ ነው ከልብ የሚገባው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የምለምነው ጥቂት ነው። ማታ እሳቱ ዙሪያ ስትሰበሰቡ፣ ስልኩ ከመከፈቱ በፊት አንድ የወንጌል ክፍል ይነበብ፤ ማንበብ የሚችለው ልጅ ያንብብ፣ አያቱም ትስማ። ሁለት ጊዜ ይነበብ። ከዚያም «ምን አድርግ ይለኛል?» ከማለታችሁ በፊት «እግዚአብሔር ምን ዓይነት አምላክ ነው ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ትእዛዙ ብቻ ከቀደመ ቃሉ ሸክም ይሆናል፤ አዛዡን ያወቀ ግን ትእዛዙን በፍቅር ይሸከማል። በመጨረሻም በሰማችሁት ላይ አጭር ጸሎት አድርጋችሁ ጥቂት ዝም በሉ።

ለእናንተ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ የተለየ አደራ አለ። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህም ምእመናኑ ጥቂትና የተበታተኑ፣ መንገዱም ረጅም ነው። ካህኑ በሰላም መጥፋት ወይም በመንገድ መዘጋት ሊደርስ ባልቻለበት ሳምንት፣ ሙሴ እንደ ዘገየበት ሰፈር ሕዝቡ ቃል አጥቶ እንዳይቀመጥ ተጠንቀቁ። አሮን በዚያ ቀን የሕዝቡን ጩኸት ሰምቶ የፈለጉትን ሠራላቸው። እናንተ ግን ሕዝቡን ሰብስባችሁ የሰንበቱን ንባብ አንብቡ። ማብራሪያ ቢያጥራችሁ አትጨነቁ፤ ለቅሶ የተቀመጠች እናት የምትፈልገው ረጅም ትርጓሜ አይደለም፤ መሐሪው አምላክ በቃሉ ከአጠገቧ እንዳለ መስማት ነው።

በዐለቱ ስንጥቅ ሙሴን በእጁ የጋረደ ጌታ እናንተንና ቤታችሁን ይጋርድ፤ ቸርነቱን በፊታችሁ ያሳልፍ፤ የተሰደደውን ይመልስ፣ ያዘነውን ያጽናና፣ ለምድራችን ሰላምን ይስጥ፤ የልጁንም መልክ በልባችን ይሳልብን።

ስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።